ስለ ቄጤማ፤ ከረግረግ ምድር ወደ ደረቁ አይሻ

በአይሻ ሜዳ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ድንጋያማ ምድር፥ እዚህና እዚያ የተበተነ ግራር፥ ዝናም በዘነመ ጊዜ ብቻ ሞልቶ የሚወርድ የጎርፍ መንገድ ነው። ፀሓዩ የጸና፥ ነፋሱም የበረታ ነው፤ ከነፋሱም ብርታት የተነሣ በዚህ ዘመን ለኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገለግሉ ረጃጅም መዘውሮች ተተክለውበታል። ውኃ ግን በዚህ አገር ሁልጊዜ የሚፈለግ እንጂ የሚተርፍ ነገር አይደለም። እንዲህ ባለው ምድር በቀዳም ሥዑር ካህኑ ለምለም ቄጤማ ይዞ ሲወጣ፥ ምእመናንም ተቀብለው በራሳቸው ላይ ሲያስሩ የተመለከተ እንግዳ፥ «ይህ ለምለም ነገር ከወዴት መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው።

ይህን የሚመስል ጥያቄ አስቀድሞ በመጽሐፈ ኢዮብ ይገኛል። ከኢዮብ ወዳጆች አንዱ የሆነው በልዳዶስ፥ የረግረግ ተክል ያለ ውኃ ሊያድግ እንደማይችል በምሳሌ ይናገራል፤ ውኃው በጎደለ ጊዜም ገና ማጭድ ሳይነካው ከሌላው ሣር ሁሉ ቀድሞ እንደሚደርቅ ያስረዳል። በልዳዶስ ይህን የተናገረው እግዚአብሔርን ስለሚረሳ ሰው ነው፤ ነገር ግን ምሳሌው የተፈጥሮን እውነት የያዘ ነው። ቄጤማ የውኃ ልጅ ነውና። ስለዚህ የቄጤማ ታሪክ የውኃ ታሪክ ነው፤ ወደ ደረቅ አገር የመድረሱም ታሪክ የመንገድና የሰው ፍቅር ታሪክ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ባጭሩ ያስረዳል።

የቄጤማ ጠባይ

ቄጤማ በመልኩ ሣር ቢመስልም በጠባዩ ከሣር ይለያል። የሣር አገዳ ብዙ ጊዜ ክብና ውስጡ ባዶ፥ በየመካከሉም አንጓ ያለበት ነው። የቄጤማ አገዳ ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን አለው፤ አንጓ የለውም፥ ውስጡም የተሞላ ነው። በሁለት ጣቶቹ መካከል ይዞ የሚያንከባልለው ሰው ማዕዘኑ ወዲያው ይታወቀዋል። ቅጠሉም በአገዳው ዙሪያ በሦስት ረድፍ ይወጣል። ሥሩ በጭቃ ውስጥ ወደ ጎን እየተሳበ ይሄዳል፤ ከዚያም ከተሳበው ሥር አዲስ ቡቃያ እየተነሣ ረግረጉን ይሸፍናል። ስለዚህ አናቱ ቢታጨድ አይሞትም፤ እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ሥሩ የተነቀለ እንደ ሆነ ግን ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ይህንም ነገር አንባቢ እስከ ፍጻሜው ልብ ብሎ ይያዘው።

የዕፀዋት ሊቃውንት ይህን ወገን ሳይፐረስ ብለው ይጠሩታል፤ ከ5 ሺህ የሚበልጡ ዓይነቶች ባሉበት ሰፊ ቤተ ሰብም ይቈጥሩታል። በጣና ዳር የሚበቅለው ረጅሙ ደንገል ከዚሁ ወገን ነው። ገበሬውን በእርሻው የሚያስቸግረው ግጫም የዚሁ ዘመድ ነው። በኦሮምኛ ጨፌ የሚባለውና በኢሉ አባ ቦራ ረግረግ በብዛት የሚገኘው ሰፊ ቅጠል ያለውም ከዚሁ ይቈጠራል። ነገር ግን በገበያ ከቄጤማ ጋር አብረው የሚሸጡትን ሁሉ አንድ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። ጠጅ ሣር እውነተኛ ሣር ነው፤ አሪቲም ሌላ ቅጠል ነው። እነዚህ ከቄጤማ ጋር የሚጎዘጎዙት የሁሉም መዓዛ ተባብሮ ቤቱን እንዲሞላ ነው።

የቄጤማ መዓዛ እንደ ዕጣን የሚያውድ አይደለም። ገና በታጨደ ጊዜ፥ ይልቁንም በእግር ሲረገጥ፥ የእርጥብ ምድርና የምንጭ ዳር ሽታ ይሰጣል። ከዘመዶቹ መካከል ግን ሥራቸው እንደ ትንንሽ እንክብል የሚያብጥና ሲደርቅ ሽቱ የሚሆን አሉ። የጥንት ሕዝቦች ይህን መዓዛ ዐውቀው ከወርቅና ከከበረ ዘይት ጋር አክብረውታል።

በጥንት መንግሥታት ዘንድ

በግሪክ አገር ፒሎስ በሚባለው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ውስጥ የተገኙት የሸክላ ጽላቶች፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ፥ ሽቱ ዘይት ለሚቀምሙ ሰዎች ከሚሰጠው ቅመም መካከል ኩፓሮ የተባለውን ይቈጥራሉ። ይህም የሳይፐረስ ሥር ነው፤ ሊቃውንት ዛሬ ለወገኑ ሁሉ የሰጡት ስም ከዚሁ ከጥንቱ የግሪክ ቃል የወጣ ነው። በክርስቶስ ልደት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ዲዮስቆሪዶስም ስለ መድኃኒት በጻፈው መጽሐፍ የዚህን ሥር ጥቅም አስረድቷል። ግብጻውያን ደግሞ በማታ ጊዜ በቤተ ጣዖቶቻቸው ያጤሱት የነበረው ኪፊ የተባለው ዕጣን ከብዙ ቅመሞች የተሠራ ነበር፤ ከቅመሞቹም አንዱ ይኸው መዓዛ ያለው ሥር እንደ ነበረ በኤድፉ ቤተ ጣዖት ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ያስረዳል።

ስለ ደንገል ግን ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የዓለም መጻሕፍት ብዙ ዘመን የተጻፉት በእርሱ ላይ ነውና። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ብራናን መርጠው ለትውልድ ሲያቈዩ፥ ግብጻውያንና ግሪኮች ሮማውያንም የደንገልን አገዳ ሰንጥቀው፥ ደራርበውና ቀጥቅጠው ለመጻፊያ ያደርጉት ነበር። ሕፃኑ ሙሴም ከፈርዖን ቍጣ የዳነው በደንገል በተሠራና ዝፍት በተቀባ ሣጥን ውስጥ እንደ ነበረ በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል። የረግረግ ተክል ሕዝብን የሚያወጣውን ነቢይ ተሸከመ ማለት ነው።

ደግሞ በዚሁ በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር ለሙሴ ስላዘዘው የቅብዐት ዘይት ሲነገር፥ 500 ሰቅል ከርቤ፥ 250 ሰቅል መዓዛ ያለው ቀረፋ፥ 250 ሰቅልም መዓዛ ያለው የሸንበቆ ወገን ከብርጕድና ከወይራ ዘይት ጋር እንዲቀመም ታዟል። የሸንበቆውን ዓይነት ሊቃውንት በየትርጓሜያቸው ቢለያዩበትም፥ አንድ ነገር ግልጥ ነው፤ ይኸውም ከደረቅ ምድር የሚገኘው ከርቤና በቅጠሉ የሚሸት ለምለም ተክል በአንድ ዕቃ ተገናኝተው አንድ ቅብዐት መሆናቸው ነው። ይህ የሁለቱ መገናኘት ለአይሻ ምእመናን ልዩ ትርጕም እንዳለው ወደ ፊት ይታያል።

በኢትዮጵያ ያለው አገልግሎት

በኢትዮጵያ ቄጤማ የበዓል ምልክት ነው። ለእንቍጣጣሽ፥ ለመስቀል፥ ለገና፥ ለጥምቀትና ለፋሲካ ቤቱ ተጠርጎ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ሙሽራ ሲመጣ፥ ክርስትና ሲነሣ፥ ማኅበር ሲጠጣ እንዲሁ ነው። ቡና በሚፈላበት ስፍራም ረከቦቱ ከመቅረቡ አስቀድሞ ጥቂት ቄጤማ ይነሰነሳል። ትርጕሙም ይህ ነው፤ እንግዳው በደረቅ ምድር ላይ አይረግጥም፥ ባለቤቱ ከምንጩ ዳር የተገኘውን ልምላሜ በእግሩ ሥር ያነጥፍለታል። ስለዚህ ጉዝጓዝ የሌለበት ግብዣ ማዕዱ ቢሞላም እንኳ አንዳች ነገር እንደ ጎደለው ይቈጠራል።

በጎጃምና በሌሎች ክፍሎች ደግሞ እንግጫ የሚባለው አለ። ጳጕሜን ሲያልቅ ልጃገረዶች በመስክ ተሰብስበው እያዜሙ እንግጫ ይነቅላሉ፤ ከዐደይ አበባም ጋር ጐንጕነው በዘመን መለወጫ ጧት በወላጆቻቸው ራስ ላይ ያስራሉ፥ በቤቱም ምሰሶ ላይ ያኖራሉ። ክረምቱን በሰላም ላሻገረ አምላክ ምስጋና፥ ለመጪውም ዓመት መልካም ምኞት ነው።

ከበዓሉ ሌላ ለኑሮ የሚሰጠው ጥቅምም ብዙ ነው። በኢሉ አባ ቦራ ያሉ ገበሬዎች ጨፌውን አጭደው የቤታቸውን ጣሪያ ይከድኑበታል። በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩት የወይጦ ወገኖችም ደንገሉን አድርቀውና አስረው ታንኳ ይሠራሉ፤ በእርሱም ዓሣ ያጠምዳሉ፥ እንጨትና ሰው ያሻግራሉ። የታንኳው ዝና እስከ ሩቅ አገር ደርሷል። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደ ነበር ለማስረዳት በፈለገ ጊዜ፥ በ1961 ዓ.ም. የሠራት ራ የተባለችው መርከብ ደንገሏ ከጣና የተወሰደ ነበር። ያች መርከብ ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ መንገድ ከሄደች በኋላ ተበላሽታ ቀረች፤ በ1962 ዓ.ም. የተከተለቻት ሁለተኛይቱ የደንገል መርከብ ግን በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። እነሆ በብዙዎች ዘንድ እንደ ተራ ነገር የሚታየው የረግረግ ተክል ሰዎችን አሳፍሮ አትላንቲክን ተሻገረ።

በሕግና በሸንጎም በኩል ክብር አለው። ጨፌ የሚለው ቃል ተክሉንም፥ ተክሉ የሚበቅልበትን እርጥብ መስክም ይጠራል። በገዳ ሥርዓት ሕዝቡ በእንዲህ ያለ ለምለም መስክ ላይ ተሰብስቦ ሕግ ያወጣ ስለ ነበር ቃሉ የጉባኤ ስም ሆነ፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት እስከ ዛሬ ጨፌ ይባላል። ረግረግ በሌለበት በኢሳዎች አገር ግን ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በቃል የሚተላለፈውን ሔር የተባለውን ሕጋቸውን ይመረምራሉ፤ ይህም ሕግ በ2017 ዓ.ም. ከዓለም ሕዝቦች የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በደጋ በለምለሙ መስክ ላይ፥ በቆላ በግራሩ ጥላ ሥር፥ በሁለቱም ዘንድ ሰላም የሚወርደው እግዚአብሔር በፈጠረው ዕፅ አጠገብ ነው።

ለምለም ቅዳሜ

ከቄጤማ አገልግሎት ሁሉ የሚበልጠው ግን በቤተ ክርስቲያን ያለው ነው። ከስቅለት ዓርብ ቀጥላ የምትውለው ቅዳሜ ቀዳም ሥዑር ትባላለች፤ የተሻረች ቅዳሜ ማለት ነው። ሌላው ቅዳሜ ሁሉ ከጾም የተለየ ሲሆን፥ ጌታ በመቃብር ያደረባት ይህች ቅዳሜ በጾም ስለምትውል ይህን ስም አገኘች። ሕዝቡ ደግሞ ለምለም ቅዳሜ ብሎ ይጠራታል፤ በዚህች ቀን ቄጤማ ይታደላልና።

ሥርዓቱም የታወቀ ነው። ካህናቱ ጌታ በመስቀሉ ሰላምን እንዳደረገ የሚያበሥረውን ዜማ እያዜሙ፥ ዲያቆናቱም ቃጭል እየመቱ ቄጤማውን ለሕዝቡ ይሰጣሉ፤ በየመንደሩም ዞረው ያድላሉ። ምእመናንም ተቀብለው በራሳቸው ላይ ያስሩታል፤ እንደ አቅማቸውም ለቤተ ክርስቲያን ስጦታ ያቀርባሉ። ቄጤማው በራስ ላይ ታስሮ እስከ ሌሊቱ የትንሣኤ አገልግሎት ይቈያል።

አባቶች ስለዚህ ነገር የሚያስተምሩት ትምህርት ብዙ ነው። አንደኛው፥ በኖኅ ዘመን ርግብ ለምለም ቅጠል በአፍዋ ይዛ የጥፋት ውኃ መጕደሉን እንዳበሠረች፥ ካህናትም ለምለም ቄጤማ ይዘው የሞት ውኃ መጕደሉን፥ የነፍሳትንም ከሲኦል መውጣት ያበሥራሉ የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ በራስ ላይ መታሰሩ ጌታ ስለ ሰው ልጅ የደፋውን የእሾኽ አክሊል ያስታውሳል የሚለው ነው። እሾኹ ወደ ልምላሜ ተለውጦ በምእመናን ራስ ላይ ታየ።

በዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፋሲካ የሚውለው በብዙ አገር ረጅሙ በጋ ምድሪቱን ካደረቀ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የተራራው ሣር ቢጫ ሆኗል፥ የእርሻው ቃርሚያም ተበልቷል። ሳይጠወልግ የሚገኘው ምንጭ ዳር ያለው ቄጤማ ነው። ምድር ሁሉ የሞተች በምትመስልበት ወራት ሕይወት ያልተለየው እርሱ ነውና ለትንሣኤ ብሥራት የተገባ ሆነ። አባቶች ወይራን ወይም ሌላውን ቅጠል ሳይሆን የረግረጉን ተክል በሕዝቡ እጅ ማኖራቸው፥ የሚኖሩበትን ምድር አስተውለው ነው ማለት ይቻላል።

ደጋና ቆላ በአንድ ሐዲድ

አይሻ በካርታ ላይ የታወቀችው በባቡር ነው። ከዚያ አስቀድሞ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ንግድ በግመል ጫንቃ ይሄድ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ለመሥራት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በአይሻ በኩል አልፎ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቈይቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ የመንገዱም ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ።

በዚያ ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በእንፋሎት ነበር፤ እንፋሎትም ያለ ውኃ አይገኝም። ስለዚህ በዚህ ደረቅ በረሓ የባቡሩ ጥያቄና የሰውየው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ሁለቱም ውኃ ይሹ ነበርና። በ1940ዎቹ የናፍጣ ባቡር መጥቶ የመኪናውን ጥም ቢያስታግሥም የሰውና የከብት ጥም ግን አልቀረም። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የባቡር መንገድ ተመረቀ፤ እርሱም በዚሁ በአይሻ በኩል ያልፋል።

ሐዲዱ ጨውና ጨርቅ፥ ቡናና ቆዳ ብቻ አላመላለሰም፤ ሰውንም አመላልሷል። ከደጋ የመጡ የባቡር ሠራተኞች፥ ወታደሮች፥ የጕምሩክ ሰዎችና ነጋዴዎች በየላጋሩ ዙሪያ ሰፈሩ። ሰው ደግሞ አገሩን ሲለቅ በዓሉን ይዞ ይሄዳል። ምንጭ በሌለበት የበዓል ጉዝጓዝ የፈለገ፥ ረግረግ በሌለበት ለምለም ቅዳሜን ያከበረ ሰው፥ ቄጤማውን ከደጋ ማስመጣት ግድ ይሆንበታል። የደጋ ሰው ከደጁ ወርዶ የሚያጭደውን የቆላ ሰው በገንዘብና በመንገድ ድካም ያገኘዋል። ስለዚህ በአይሻ በአንድ ምእመን ራስ ላይ የምትታሰረው አንዲት ዘለላ ቄጤማ በሌላው አገር ከምትታሰረው ትልቅ እስር ያነሰች አይደለችም።

ነገር ግን ቆላው ተቀባይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ከርቤ የሚገኘው ከቆላ ነው፤ የሶማሌ ምድርም ከጥንት ጀምሮ በከርቤና በዕጣን በዓለም የታወቀ ነው። በደጋ ያለው ካህን ማዕጠንቱን ሲያነሣ የሚወጣው ጢስ ከቆላ ዛፍ የተገኘ ሙጫ ነው። ዕጣኑና ከርቤው የፀሓይና የደረቅ ምድር ልጆች ናቸው፤ ዛፋቸው ቅርፊቱ ሲቈስል ያለቅሳል፥ ዕንባውም ሲደርቅ መዓዛ ይሆናል። ቄጤማው ደግሞ የውኃና የጭቃ ልጅ ነው። ቆላው ዕጣኑን ወደ ላይ ይልካል፥ ደጋውም ቄጤማውን ወደ ታች ይልካል፤ ሁለቱም በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገናኛሉ። በኦሪት ዘጸአት የተነገረው ቅብዐት፥ ከርቤና መዓዛ ያለው ሸንበቆ በአንድ ዕቃ የተቀመመበት፥ በዚህ አገር እንዲህ ሆኖ ይታያል።

የውኃው መጕደል

ይህ መለዋወጥ ለዘላለም የሚቀጥል የሚመስለው ሰው በሐረርጌ ደጋ የሆነውን ያስታውስ። ከሐረር ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለከተማይቱና ለአካባቢው ብዙ ዘመን ውኃ ሲያጠጣ ኖረ። ዳርቻው ለምለም፥ ወፉም ብዙ ነበር። ነገር ግን ውኃው ለመስኖና ለከተማ ያለ ልክ ተሳበ፤ በዙሪያው ያለው ተራራ ከዛፍ ተራቍቶ አፈሩ እየታጠበ ሐይቁን ሞላው፤ በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ዓሣ ይጠመድበት በነበረው ስፍራ ከብት ተሰማራበት። ከዚያ ወዲህ ዝናሙ ሲበረታና የአካባቢው ሰው ለጥበቃ ሲነሣ ውኃው ተመልሶ ታይቷል። ይህ ለአንባቢ ሁለት ትምህርት ይሰጣል፤ ሐይቅ እንኳ ሊሞት እንደሚችል፥ የሞተውም ሊመለስ እንደሚችል።

በሌላውም አገር ረግረግ ሲጠነፍፍ ይታያል። ቦይ ይቈፈርበታል፥ በቈሎ ይዘራበታል፥ ወይም ውኃ የሚጠጣው ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ለጥቂት ዓመት እህሉ ያምራል፤ ኋላ ግን አፈሩ ይደርቃል፥ ምንጩም ይዳከማል። ብዙ ሰው ረግረግን የማይረባ ምድር አድርጎ ስለሚቈጥረው ይህ ይሆናል። ቄጤማው ግን ሥራ ፈት አይደለም። ሥሩ ጎርፉን ያበርዳል፥ ደለሉን ይይዛል፥ ውኃውንም እንደ ስፖንጅ ጠብቆ በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ቄጤማው በጠፋበት ስፍራ የሚጠፋው ጉዝጓዝ ብቻ ሳይሆን ከታች ላለው መንደር የሚወርደው ውኃ ነው። በቆላ የሚኖር ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ጎርፉ ከተራራ በድንገት ሲወርድበትም፥ ጕድጓዱ ሲነጥፍበትም የመጀመሪያው ተጎጂ እርሱ ነውና።

ከዚህም ሌላ በከተሞች አዲስ ልማድ ገብቷል። ከላስቲክ የተሠራ አረንጓዴ ሣር ተገዝቶ በቡናው ስፍራ ይነጠፋል፤ ከበዓሉም በኋላ ተጠቅልሎ ለሚመጣው በዓል ይቀመጣል። ርካሽ ነው፥ ድካምም የለውም ይባላል፤ ረግረግ በራቀበት አገርም የሚገዛውን ሰው መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን የላስቲኩ ሣር ስለማይጠወልግ ሕያው እንዳልነበረ በዚያው ይታወቃል። ቄጤማ ምልክት የሚሆነው ሕያው ስለ ነበረ ነው፤ በተረገጠ ጊዜ የሚሸተው፥ በሦስተኛው ቀን የሚጠወልገው፥ ሥሩ ግን በምንጩ ዳር እንደ ገና የሚያቆጠቁጠው እርሱ ስለ ትንሣኤ ሊናገር ይችላል። ላስቲኩ ቤት ያስጌጥ ይሆናል፤ ብሥራት ግን አይሸከምም።

ለኢዮቤልዩ የሚገባ አሳብ

ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ከኦሪት ዘሌዋውያን የመጣ ነው። 7 ጊዜ 7 ዓመት ተቈጥሮ 50ኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ባሪያ ነጻ ይወጣ ነበር፥ የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ ይመለስ ነበር፥ ምድርም ታርፍ ነበር፤ አይዘሩባትም፥ አያጭዱባትም ነበር። ብዙዎች የነጻነቱንና የርስቱን ነገር ሲያስታውሱ የምድሪቱን ዕረፍት ይረሱታል። የደብር ኢዮቤልዩ ሲከበር ይህንም ማሰብ ይገባል።

ረግረግ ዕረፍት ካገኘ ይመለሳል። በኢሉ አባ ቦራ የታረሱ ረግረጎች ቦያቸው ተዘግቶ ውኃው ሲመለስባቸውና ጥቂት ዓመት ሲያርፉ ጨፌው እንደ ገና በቅሎ ታይቷል። ስለዚህ ለቄጤማ የሚያስፈልገው ታላቅ ሀብት ሳይሆን ልክን ማወቅ ነው። የሚያጭድ ሰው በማጭድ ከሥሩ በላይ ይጨድ እንጂ አይንቀል። ዛሬ የታጨደበት ዳርቻ ለሚመጣው ዓመት ይረፍ። ለአንድ ምእመን አንዲት ዘለላ ትበቃለችና የሚቀበለውም፥ የሚያድለውም ከሚያስፈልገው በላይ አያባክን። ምልክት በብዛቱ አይጸናም።

ውኃ በሌለበት በአይሻም ቢሆን የሚሠራ ነገር አይጠፋም። ቧንቧ ወይም የጕድጓድ ውኃ በሚቀዳበት ስፍራ ሁሉ የሚፈስስ ጥቂት ውኃ አለ፤ እግር የሚታጠብበት፥ እንስራ የሚሞላበት ስፍራ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በእንዲህ ያለው ስፍራ አንድ ክንድ ያህል መሬት ተከልሎ ከደጋ የመጣ የቄጤማ ሥር በጭቃ ቢተከል፥ ከንቱ ይፈስስ የነበረው ውኃ ለበዓል የሚሆን ልምላሜ ሊያወጣ ይችላል። ሕፃናትም ቄጤማ በገበያ እንደማይወለድ በዓይናቸው አይተው ያድጋሉ። በልዳዶስ እንዳለው ያለ ውኃ አይበቅልም፤ ነገር ግን ውኃን የሚያከብር ሰው ባለበት ጥቂቱ ውኃ ይበቃል።

የቀደሙት አባቶች በዚህ ሐዲድ ዳር ሲሰፍሩ ብዙ ነገር ጎድሎባቸው ነበር። ምንጭ አልነበራቸውም፥ ለምለም መስክም አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ በዓሉን አላጐደሉም። ዛሬም በቀዳም ሥዑር ከካህኑ እጅ ቄጤማ የሚቀበል ምእመን በራሱ ላይ የሚያስረው የአንድ ተክል ዘለላ ብቻ አይደለም፤ ሩቅ ያለውን ምንጭ፥ ያጨደውን የማያውቀውን ወንድም፥ ያመጣውንም መንገድ አብሮ ያስራል። ያ ምንጭ እንዳይነጥፍ መጸለይ፥ በየአቅሙም መጠበቅ፥ የተቀበለው ሰው ዕዳ ነው። የደጋውን ምንጭ እግዚአብሔር ይጠብቅ፤ የቆላውን ጕድጓድ ይባርክ፤ ለምለም ቅዳሜንም ከልጅ ልጅ ያድርስ።